ሂዱ ነው ሂዲ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ብቻዬን ነኝ፣ ሻይዬም ቀዝቅዟል። የማወራችሁ ስላሳፈረኝ አንድ ስላይድ ነው።

አማርኛ አስተማሪ ነኝ፣ አሥረኛ ክፍል። ፕሮጀክተር የመጣ ሰሞን ከሁሉ ቀድሜ የተሻማሁት እኔ ነበርኩ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ስለ ትእዛዝ ግሥ ስላይድ ሠራሁ። አሥራ ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ ከጀርባው አደይ አበባ፣ ርዕሱ እየተሽከረከረ የሚገባ። ቀለሙማ አምስት ዓይነት ነው። የሠርግ ድንኳን ነበር የሚመስለው፤ እኔ ግን ኮርቼበታለሁ።

ጠዋት ከፈትኩት። ከመጨረሻው ዴስክ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ሂዱ ነው ሂዲ?»

ክፍሉ አውካካ። እኔም ሳቅኩ፤ ግን ሄጄ ከልጁ ጎን ቁጭ አልኩ። እውነቱን ነው። ከዚያ ሆናችሁ ስታዩት «ዱ» እና «ዲ» አንድ ናቸው። የሚለያቸው አንዲት ጭረት ናት፤ ወገቡ ላይ ከሆነች ዱ፣ እግሩ ሥር ከሆነች ዲ። ጭረቷ ስትደበዝዝ የብዙ ሰው ትእዛዝ ለአንዲት ሴት ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ከስክሪኑ አንድ ክንድ ርቄ ስሠራ፣ ያ ልጅ የት እንደሚቀመጥ ትዝም አላለኝ።

ፎንቱ ናይላ ነበር። ቦልድ ሳደርገው ባሰበት። ናይላ የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው፤ ቦልድ ስትሉት ኮምፒውተሩ በግድ ያወፍረዋል። የነ «ቀ» እና የነ «ወ» ሆድ ይደፈናል። አሁን የምጠቀመው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ነው፤ ወፍራሙ ከመጀመሪያውም ወፍራም ተደርጎ የተሣለ ነው። አበባውን አጠፋሁት።

ደግሞ «ቲቸር አይለፍ፣ አልጨረስንም!» የምትባል ነገር አለች። አስተማሪ የሆነ ያውቃታል። ጎበዞች ናቸው እያልኩ እደሰት ነበር። ለካ እየገለበጡ ነው እንጂ እየሰሙኝ አይደለም። እኔም ብሆን ስላይዱን ነበር የማነበው። ሪቻርድ ማየር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን በሙከራ አሳይቷል፦ ሥዕል እያሳዩ በቃል ሲያስረዱ፣ ያንኑ ንግግር በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ መደርደር ብዙ ጊዜ ትምህርቱን ይጎዳል። ዓይን የቱን ይይ? ሥዕሉን ወይስ ጽሑፉን? አሥራ ሁለቱ መስመሮች አሁን ደብተሬ ላይ ናቸው። የእኔ ማስታወሻ ነበሩ፤ መጀመሪያም ቦታቸው እዚያ ነበር።

የቀለሙን ነገር ያስተማረኝ ግን ብራና ነው። ስድስት ኪሎ ሙዚየም ሄጄ አንድ የብራና መጽሐፍ ፊት ቆሜ ቀረሁ። ቁም ጸሐፊው ዳር ዳሩን በወስፌ ወግቶ፣ መስመር አስምሮ ነው የሚጀምረው። ፊደሉ በመስመሩ ልክ ይቆማል። ግርጌው ሰፊ ባዶ ነው። አስቡት፣ አንድ ገጽ ማለት እኮ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ለባዶው ቦታ ግን አልሰሰቱለትም። ጽሑፉ ጥቁር፣ የማርያም ስም ላይ ሲደርስ ቀይ። በቃ። ዓይናችሁ ሳትፈልጉት ቀዩ ላይ ያርፋል። ፓወርፖይንት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲወጣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። አምስት ቀለም የደፋሁት እኔው ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ስለ ጠብቆና ላልቶ ነበር የማስተምረው። ስላይዱ ላይ አንድ ቃል ብቻ አስቀመጥኩ፦ «ዋና»። ከግራው የሚዋኝ ልጅ ሥዕል፤ እዚያ ላልቶ ነው። ከቀኙ ደግሞ ያው ቃል፣ «ና» ብቻዋን ቀይና ወፍራም ሆና። እሷ ጠበቀችና ዋናው ጉዳይ፣ ዋናው መንገድ ሆነ። አንድም ማብራሪያ አልጻፍኩም። ዝም ብለው አዩት፤ ከዚያ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ለራሳቸው እያነበቡት ነው!

ወዲያው መብራት ጠፋ። የለመድነው ነው።

ጠመኔ አነሳሁ። ሰሌዳው መሐል ላይ ያንኑ ቃል ትልቅ አድርጌ ጻፍኩ፣ «ና»ን በቀይ። ዞር ብዬ የመጨረሻውን ዴስክ አየሁ።

«አሁን ይታያል ቲቸር» አለ።

«አለ» እዚህ ጋ ላልቶ ነው እንግዲህ። ሻይዬን ላሙቅ።