ማዕበሉና መጽሐፉ ምን አገናኛቸው?

መምህራንና ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ በደብረ ብርሃን ብርድ ጃኬት ደርባችሁ ሂሳብ ልትሰሙ መምጣታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። እግዜር ይስጥልኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ እንዳታርሙኝ።

በ1834 ጆን ስኮት ረስል የሚባል ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ኤድንብራ አጠገብ ካለ ቦይ ዳር ነበር። ፈረሶች የሚጎትቱት ጀልባ ድንገት ቆመ። ከፊቱ የነበረው ውሃ ጉብ ብሎ ተነሣና ብቻውን መንገድ ጀመረ። ርዝመቱ 9 ሜትር ገደማ፣ ከፍታው ከግማሽ ሜትር ያነሰ። ሰውየው ፈረሱን ኮልኩሎ ተከተለው። ማዕበሉ ቅርጹን እንደያዘ በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይነጉዳል። እዚሁ ከተማችን ባለው የበሬሳ ወንዝ ላይ ግን ሄዳችሁ አትፈልጉት። ጥልቀቱ እኩል የሆነ ቀጥ ያለ ቦይ ይፈልጋል፤ ድንጋይ ከበዛበት አለቀለት።

ኮርተቬግና ደ ፍሪስ በ1895 ኢኩዌሽኑን ጻፉለት። በ1965 ዛቡስኪና ክሩስካል ሁለት እንዲህ ያሉ ማዕበሎችን በኮምፒውተር አጋጩ። ተላልፈው ሄዱ፣ ቅርጻቸው እንደነበረ! ሶሊቶን አሏቸው። ማዕበሉ ሲሄድ ጉልበቱና ሞመንተሙ ብቻ አይደሉም የማይለወጡት፤ ሌሎችም ስፍር ቁጥር የሌላቸው መጠኖች አሉ። አላፈናፍን ብለው ቅርጹን የሚያስጠብቁት እነሱ ናቸው።

አሁን ይሄን መጽሐፍ እዩት። እንዳይገለጥ በላስቲክ አስሬዋለሁ። ርዝመቱን ዘንግ አድርጌ ላሽከርክረው፤ ደህና ዞረ። በውፍረቱም ደህና ነው። በስፋቱ ስወረውረው ግን ይሄው፣ አየር ላይ ተገለበጠ። እጄን አትጠርጥሩ፤ የጠጣር ነገርን ሽክርክሪት የሚገልጹት የኦይለር ኢኩዌሽኖች የሚሉት ይሄንኑ ነው።

የሽክርክሪቶች ስብስብ በኖርዌያዊው ሶፉስ ሊ ስም ሊ ግሩፕ ይባላል። ሁለት ሽክርክሪት ብታከታትሉ ሌላ ሽክርክሪት ታገኛላችሁ፤ እያንዳንዱን ወደ ኋላ አዙሮ መመለስም ይቻላል። የመጽሐፉ እያንዳንዱ አቀማመጥ አንድ ሽክርክሪት ስለሆነ፣ መጽሐፉ ሲዞር በዚያ ግሩፕ ውስጥ በጂኦዴሲክ፣ ማለትም በአቋራጭ መንገድ፣ ይሄዳል። ርቀቱን በኪነቲክ ኢነርጂ ከለካነው፣ ቢያንስ ለጥቂት መንገድ፣ አቋራጩ እሱ ነው። ቭላድሚር አርኖልድ በ1966 የማይጨመቅና ፍትጊያ የሌለው ፈሳሽም እንዲሁ እንደሚሄድ አሳየ፤ ልዩነቱ የዚህኛው ግሩፕ ዳይሜንሽን፣ ማለትም የነጻ አቅጣጫዎቹ ብዛት፣ ማለቂያ የለውም። በ1987 ደግሞ ኦቭሲየንኮና ኬሲን ያንን የቦይ ማዕበል ኢኩዌሽን ቪራሶሮ በሚባል፣ እሱም ዳይሜንሽኑ ማለቂያ በሌለው ግሩፕ ላይ ጂኦዴሲክ ሆኖ አገኙት። እኔን ከሂሳብ ሁሉ እንደዚህ ያስደነቀኝ የለም።

ለመጀመር ሊኒየር አልጀብራና ካልኩለስ ይበቃችኋል። በሉ፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። ወጥቼ ላስላው የሚል ካለም ጠመኔው እዚህ ነው።