ፋይሉ አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ይቀራል፦ ኤስኤፍቲፒ ሲያስቸግር

[ስክሪን፦ መሀል ላይ የቆመ ፋይል]

ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ያለ አንድ የትራንዚት ቢሮ እናስብ። ጠዋት ሰነዱ በኤስኤፍቲፒ፣ ማለትም ፋይል ተመስጥሮ ወደ ሰርቨር በሚላክበት መንገድ፣ ሄደ። ከሰዓት በዚያው ኮምፒውተር እምቢ አለ። ሁሉም ሰው አንድ መልስ አለው፦ «ኔትወርክ ነው።»

ሊሆን ይችላል። ግን እንዲህ ከተባለ በኋላ ማንም ምክንያቱን አይፈልግም። ጭራሽ ባይሄድ ይሻል ነበር፤ ፓስወርዱን ወይ ፖርት 22ን (ኤስኤፍቲፒ የሚገባበትን በር) አይተን እንገላገላለን። ሰው የሚያዞረው አንዳንዴ የሚሄደው ነው። ስለዚህ ደጋግማችሁ ከመላካችሁ በፊት ጻፉ፦ ስንት ሰዓት ላይ ቀረ? ፋይሉ ምን ያህል ነበር? ከየትኛው ኮምፒውተር፣ በየትኛው መስመር? ስክሪኑ ላይ የወጣውን መልእክት ፎቶ አንሱት።

[ስክሪን፦ «ግንኙነቱ ተቋርጧል»]

ገና ሳይገባ ነው የተመለሰው ወይስ ከገባ በኋላ ነው የቀረው?

ሳይገባ ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ራሱን ቢሮውን ነው። የቢሮው ኮምፒውተሮች በአንድ ራውተር ስለሚወጡ ሰርቨሩ የሚያያቸው በአንድ አይፒ አድራሻ ነው። አንዱ ላፕቶፕ ላይ የቀረ የድሮ ፓስወርድ በራሱ እየሞከረ ይሳሳታል። ብዙ ሰርቨሮች ላይ ያለው ፌይልቱባን የሚባል ጠባቂ ፕሮግራም ማንም ካልቀየረው በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ስህተት ሲያይ አድራሻውን ለ10 ደቂቃ ይዘጋል። ያጠፋው አንድ፣ የሚቀጣው ሁሉም። ሰዎቹ ራውተሩን አጥፍተው ያበራሉ፣ ቡና ይጠጣሉ፣ ሲመለሱ ይሠራል። «አይ፣ ራውተሩ ነበር» ይባላል። 10 ደቂቃው አልፎ ነው እንጂ! ብዙ ሰርቨሮች ኤስኤፍቲፒን የሚያስተናግዱበት ፕሮግራም፣ ኦፕንኤስኤስኤችም፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው ቨርዥን 9.8 ጀምሮ ይህን መሰል ቅጣት አብሮት መጥቷል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ቢሮው ወደ ሞባይል ሆትስፖት ይዞራል። አይፒው ተቀየረ ማለት ነው። ተቀባዩ የተመዘገበ አይፒ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ መብራት እስኪመጣ በሩ ዝግ ነው።

ልክ ሰዓቱ ሲሞላ ብቻ የሚቀር ከሆነስ? ሁሉም ሰው አውቶማቲክ መላኪያውን ልክ ሰዓቱ ላይ ስለሚሞላው ሰርቨሩ ይጨናነቃል። ኦፕንኤስኤስኤች ሲጫን ባለው ልክ፣ መግባት ያልጨረሱ 10 ሲደርሱ ከአዲሶቹ 30 በመቶውን በዕጣ ይመልሳል። የእናንተን 7 ደቂቃ አሳልፉት።

[ስክሪን፦ ትንሽ ፋይልና ትልቅ ፋይል ጎን ለጎን]

አሁን ገብቶ የሚቀረው። ትንሹ እያለፈ ትልቁ ከጅምሩ ድርቅ ካለ የፓኬት (ፋይሉ ተቆራርጦ የሚላክበት ቁራጭ) መጠን ይሆናል። ሚዛን ጣቢያ ላይ ጭነት በዝቶበት የቆመ መኪና አስቡ፤ ባለንብረቱ ግን አልተነገረውም። የተለመደው ልክ 1500 ባይት ነው፣ መንገድ ላይ ግን የሚያንስ መስመር አለ። ኮምፒውተሩ ላይ ኤምቲዩውን (የፓኬቱን ትልቁን ልክ) ወደ 1400 ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ።

100 በመቶ ደርሶ ከወደቀስ? ይሄ ሌላ ነው። ዊንኤስሲፒ የሚባለው የፋይል መላኪያ ፕሮግራም ከ100 ኪሎባይት የሚበልጥን ፋይል በጊዜያዊ ስም ይልክና መጨረሻ ላይ ስሙን ይቀይራል። ስም መቀየር የማይፈቅድ ሰርቨር እዚያ ላይ ይመልሰዋል። ሴቲንጉ ውስጥ ገብቶ ጊዜያዊ ስሙን ማጥፋት ነው።

ደሴ ቅርንጫፍ ካላችሁ ያንኑ ፋይል በዚያው ሰዓት ከዚያ ላኩት። ደጋግሞ ከሄደ ችግሩ ያለው ኮምቦልቻ ቢሮ ወይም መስመሩ ላይ ነው። ከሁለቱም ከቀረ ለተቀባዩ ቴክኒሻን ጻፉለት፤ ሎጉን (ሰርቨሩ የሚይዘውን መዝገብ) አይቶ ይነግራችኋል። ሰዓቱን ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። የሰርቨር ሎግ ብዙ ጊዜ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ነው። የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት እዚያ 11:00 ነው። «8 ሰዓት ላይ ቀረ» ካላችሁት ሰውየው የሌላ ሰዓት ሎግ ሲያገላብጥ ይውላል።