ለቴክኖሎጂ ቀውስ ምን ያህል እንዘጋጅ? የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የኮምፒውተር ሥርዓቶች በአንድ ጊዜ ሊወድቁ ይችላሉ የሚል ነገር ከሰማ ወዲህ ገንዘባችንን ሁሉ ከባንክ አውጥተን የዓመት ስንቅ እንግዛ ይላል። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ብዙ ተወርቶ ምንም ሳይደርስ ማለፉን አስታውሳለሁ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የእ.ኤ.አ. 2000 ጉዳይ በሰላም ያለፈው ሥጋቱ ሐሰት ስለነበረ አይደለም። በዚያን ጊዜ ብዙ ፕሮግራሞች ዓመትን የሚመዘግቡት በሁለት አኃዝ ብቻ ስለነበረ 2000ን ከ1900 መለየት ያቅታቸው ነበር፤ ይህንንም ለማረም በየአገሩ እጅግ ብዙ ባለሙያዎች ዓመታት የፈጀ ሥራ ሠርተዋል። ሳይታረም የቀረው ምን እንዳደረሰ ለማየት የእንግሊዟን ሼፊልድ ማንሳት ይበቃል፦ ዳውን ሲንድረም ለተባለው የአፈጣጠር እክል በእርግዝና ጊዜ የሚደረግ ምርመራን ውጤት የሚያሰላ ኮምፒውተር የእናቶችን ዕድሜ አዛብቶ በማስላቱ ከ150 በላይ ነፍሰ ጡሮች የተሳሳተ ውጤት ደርሷቸዋል። ስለዚህ «ምንም አልሆነም» የሚለው ትዝታ ለቸልተኝነት ምክንያት ሊሆን አይገባም።

ነገር ግን የባለቤትዎም መንገድ አያዋጣም። ገንዘብን በሙሉ አውጥቶ ቤት ማስቀመጥ ገና ላልመጣ አደጋ ሲሉ ለሌባና ለእሳት መጋለጥ ነው፤ ሁሉም ሰው እንዲሁ ቢያደርግ ደግሞ አንድም ኮምፒውተር ሳይበላሽ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ ያጥራቸዋል። በእርግጥ የደረሱትን መቋረጦች ስንመለከት ብዙዎቹ የቆዩት ለሰዓታት ወይም ለጥቂት ቀናት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 በካናዳ ሮጀርስ የተባለው የስልክና የኢንተርኔት ኩባንያ ኔትወርኩ ሲቋረጥበት በመላ አገሪቱ በዴቢት ካርድ መክፈል አልተቻለም ነበር፤ የዚያን ዕለት ችግር ለማለፍ በእጅ ያለ ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በቂ ነበር። እኔ የምመክረው የአንድ ሳምንት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ በዝርዝር ኖቶች፣ ቤተሰቡ ዘወትር ከሚመገበው የማይበላሽ ምግብ ለአንድ ሳምንት የሚበቃ፣ ለመጠጥና ለአስፈላጊ ንጽሕና ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውኃ፣ የእጅ ባትሪና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ማስቀመጥን ነው። ከዚህ በላይ ለመግዛት ሲያስቡ ሁለታችሁም አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ቀውሱ ፈጽሞ ባይመጣ ይህን ዕቃ እንጠቀምበታለን ወይ? መልሱ «አይ» ከሆነ ገንዘቡ ባለበት ይቆይ።

ጥያቄ፦ የባንክ አገልግሎቴም፣ የሰዎች ስልክ ቁጥርም፣ ሰነዶቼም ያሉት በስልኬ ውስጥ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በብዙ ሰው ዘንድ የማየው ትልቁ ክፍተት ይህ ስለሆነ ጥያቄው ደስ ብሎኛል። በመጀመሪያ የቅርብ ሰዎችዎን ስልክ ቁጥር በወረቀት ላይ ይጻፉ። በመቀጠል ወደ ኢሜይልዎና ወደ ሌሎች ዋና ዋና አካውንቶችዎ ሲገቡ በስልክ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላክልዎ ከሆነ፣ አገልግሎቱ ስልክዎ በማይሠራበት ጊዜ እንዲገቡባቸው የሚሰጣቸውን መጠባበቂያ ኮዶች አትመው ከሌሎች ጠቃሚ ሰነዶችዎ ጋር ያኑሯቸው። ብዙዎች እነዚህን ኮዶች የሚያስቀምጡት እዚያው ኢሜይላቸው ውስጥ ነው፤ ኢሜይሉን ለመክፈት ኮዱ፣ ኮዱን ለማግኘት ደግሞ ኢሜይሉ ያስፈልጋል ማለት ነው። ዝግጅትዎ መሥራቱን ለማወቅ አንድ ቀን ስልክዎን አጥፍተው በሌላ ኮምፒውተር ወደ አካውንትዎ ለመግባት ይሞክሩ፤ የሚያስቸግርዎ ቦታ ያኔውኑ ይታያል።

ጥያቄ፦ ትንሽ ድርጅት አስተዳድራለሁ። መረጃችን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ ስለሚቀመጥ ሥጋት የለብንም የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ።

መልስ፦ መረጃው መኖሩና እናንተ ልታገኙት መቻላችሁ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ኩባንያ ስሕተት ያለበት ማዘመኛ በመልቀቁ 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሥራ አቁመዋል፤ በረራዎች ተሰርዘዋል፣ የሆስፒታሎችም ሥራ ተስተጓጉሏል። ኩባንያው ማረሚያውን የለቀቀው በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ቢሆንም፣ አልነሣ ያለ ኮምፒውተር ማረሚያውን ሊቀበል ስለማይችል ባለሙያዎች ብዙዎቹን ማሽኖች አንድ በአንድ እየከፈቱ የተበላሸውን ፋይል በእጅ መሰረዝ ነበረባቸው። ዲስኩ የተመሰጠረ ኮምፒውተር ደግሞ ከዚያ በፊት ረጅም የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቁጥሩ የተቀመጠው እርሱም ሥራ ባቆመ የድርጅቱ ማዕከላዊ ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ከሆነ ሥራው እጅግ ይከብዳል።

ስለዚህ ከመረጃችሁ ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ያዙ፣ አንዱንም ከቢሮው ውጭ አስቀምጡ። ውጫዊ ሃርድ ዲስኩ ሁልጊዜ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ የሚውል ከሆነ ቫይረስ ሁለቱንም ሊያጠፋቸው ስለሚችል ቅጂው እንዳለቀ ይነቀል። ከቅጂው ላይ መረጃውን በእርግጥ መመለስ መቻላችሁንም በየጊዜው ሞክሩ፤ ተሞክሮ የማያውቅን ቅጂ እኔ እንደ ቅጂ አልቆጥረውም። በኮምፒውተር ብቻ የምትመዘግቡትን ሥራ ለሁለት ቀን ያህል ለማስኬድ የሚበቃ የታተመ ቅጽም ይኑራችሁ።

ጥያቄ፦ በ2038 ይደርሳል የሚባለው ችግር እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ጊዜን እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንሥተው በሰከንድ እየቆጠሩ በ32 ቢት (በ32 የዜሮና የአንድ አኃዞች) የሚመዘግቡ ሥርዓቶች እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ቁጥራቸው ይሞላና ቀኑን ማሳሳት ይጀምራሉ። አብዛኞቹ አዳዲስ ሥርዓቶች ወደ 64 ቢት ተሻግረዋል። ቤተሰብ ለዚህ ብሎ የሚያደርገው ነገር የለም፤ ለረጅም ዓመታት የሚያገለግሉ የፋብሪካ ወይም የሕክምና መሣሪያዎችን የሚገዙ ድርጅቶች ግን አቅራቢዎቻቸውን ከአሁኑ ሊጠይቁ ይገባል።

ጥያቄ፦ እናቴ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኦክስጅን መሣሪያ ትጠቀማለች፤ ኢንሱሊንም ትወስዳለች። ጀነሬተር ልግዛ?

መልስ፦ ለእርስዎ ቤት ከሌላው የጠነከረ ዝግጅት ያስፈልጋል፤ ይህም ከልክ ያለፈ ፍርሃት አይደለም። ከሁሉ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩና ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የሚጠቀሙበት የኦክስጅን ሲሊንደር እንዲኖር ያድርጉ፤ ለስንት ሰዓት እንደሚበቃም ከታዘዘላቸው መጠን ጋር ያሰሉት። ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ሙቀት ከማቀዝቀዣ ውጭ ለአራት ሳምንት ገደማ ይቆያሉ፤ የእናትዎን መድኃኒት በተመለከተ ግን ከፋርማሲው ያረጋግጡ። ጀነሬተር ከገዙ በምንም ምክንያት ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ ወይም መስኮት ሥር አያስነሡት፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ከመስኮትና ከበር ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቅ፣ ቤት ውስጥም የዚህን ጋዝ መኖር በድምፅ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ይግጠሙ። መብራት ቢጠፋ እርስዎ ቤት ባይኖሩ ሲሊንደሩን ማን እንደሚከፍትላቸውም አስቀድመው ይወስኑና ያንን ሰው ያለማምዱት።