«ስለዚህ» ከማለታችን በፊት፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከየአቅጣጫው ጅማ የገባችሁ ውድ ተማሪዎች፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

በመጀመሪያው ዓመት ከምትወስዷቸው የጋራ ኮርሶች አንዱ ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ነው። ስለዚህ ኮርስ ከነባር ተማሪዎች የሰማችሁት ምክር «የሕጸጾቹን» ማለትም የተሳሳቱ የአስተሳሰብ ቅርጾችን «ስም ሸምድድና እለፍ» የሚል እንደሚሆን እገምታለሁ፤ እኔም በተማሪነቴ ያደረግሁት ይህንኑ ነውና አልፈርድባችሁም። የሕጸጾቹን ስም አንድ በአንድ በቃሌ ይዤ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ባለፍኩበት ሰሞን፣ አንድ ዘመዴ ትኩሳት ይዞት ተኝቶ አገኘሁት። ሳይመረመር የወባ መድኃኒት እንዲውጥ የመከርኩት እኔው ነኝ። ወባ የያዘው ሰው ትኩሳት ይኖረዋል፤ ይህ ሰው ትኩሳት አለው፤ ስለዚህ ወባ ይዞታል ብዬ ነበር ያሰብኩት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሲመረመር የያዘው የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። ያ አስተሳሰቤ ከጥቂት ቀናት በፊት ፈተናው ላይ «ሕጸጽ» ብዬ ከከበብኩት ጥያቄ ጋር በቅርጹ አንድ ነበር። ስሙን አውቀው ነበር፤ ቤት ውስጥ ሲገጥመኝ ግን መልኩን አላወቅሁትም።

ይኸው ቅርጽ ብዙዎቻችሁ በምታውቁት በቡና ላይም ይገኛል። ባለሙያዎች ሲቢዲ የሚሉት የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ተመዝግቦ በ1971 በአገራችን ታየ። በአረንጓዴው ፍሬ ላይ ሰርጎድ ያለ ጥቁር ነጥብ ያወጣል፤ ነጥቡ እየሰፋ ይሄድና ፍሬው ጠቁሮ ይረግፋል፣ ወይም ከቅርንጫፉ ሳይላቀቅ ይደርቃል። ከከተማችን ወጣ ብሎ መልኮ በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የተሠማሩ ተመራማሪዎች በሽታው በበረታባቸው ማሳዎች ሲዘዋወሩ፣ በዙሪያቸው ያሉት ጠቁረው ሳለ እነሱ ጤነኛ ፍሬ ተሸክመው የቆሙ የቡና ዛፎችን አገኙ።

ችኩል ሰው ቢሆን ኖሮ «ዛፉ በሽታውን የሚቋቋም ከሆነ ፍሬው ጤነኛ ይሆናል፤ ፍሬው ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ ይቋቋማል» ብሎ ችግኙን ለገበሬ ባከፋፈለ ነበር። ይህ ግን ለዘመዴ የሰጠሁት ምክር መንትያ ነው። ዛፉ በሽታው በዚያ ዓመት ሳያገኘው በዕድል አምልጦ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ጥያቄው መገልበጥ ነበረበት፦ ዛፉ በእርግጥ የሚቋቋም ከሆነ፣ በሽታውን የሚያመጣውን ፈንገስ ሆን ብለን ብናሲዘው እንኳ አይታመምም። ዘሩ ተዘርቶ፣ ገና ቅጠል ባልዘረጋው ለጋ ችግኝ ግንድ ላይ የፈንገሱ ስፖር፣ ማለትም የሚራባበት ደቂቅ ብናኝ፣ ይደረጋል። ችግኙ ከታመመ ያ መላ ምት ይወድቃል፤ ይህኛው አካሄድ በሎጂክ ረገድ ጽኑ ነው። ካልታመመ ደግሞ «ተረጋገጠ» ሳይሆን «ይህን ፈተና አለፈ» ይባላል፤ የማሳው ፈተና ገና ይጠብቀዋል። በቡና አምራች ቤት ያደጋችሁ 74110 እና 74112 የሚባሉትን ዝርያዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዝርያዎቹ የተመረጡበትን የፈረንጆች ዓመት፣ 1974ን ያመለክታሉ።

በመላ ምት መውደቅና ማለፍ መካከል ያለውን ይህን አለመመጣጠን የሳይንስ ፍልስፍናው ዋና ጉዳይ ያደረገው ካርል ፖፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የቱንም ያህል ደጋፊ ምልከታ ቢከመር አጠቃላይ ሕግን እንደማያጸና፣ አንድ ተቃራኒ ምልከታ ግን ሊያፈርሰው እንደሚችል ተከራከረ። ይህን ሳስተምር ፈላስፋው ካርል ሄምፔል የታወቀበትን «ቁራ ሁሉ ጥቁር ነው» የሚለውን ምሳሌ ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። አንድ ዓመት ታዲያ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ የእኛ አገር ቁራ እኮ ማጅራቱ ነጭ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ስንቱን ዓመት ያን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ በመስኮት አሻግሬ አለማየቴ አሳፈረኝ። ወዲያው ግን ሌላ ተማሪ ከመሐል፣ «እንግዲያው እሱ ቁራ አይባልማ!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልጁ ሳያውቀው ፖፐርን ያስቸገረውን ጉዳይ ነክቷል፦ ሐሳቡ እንዳይወድቅበት የሚፈልግ ሰው የቃሉን ትርጉም ቀይሮ ማምለጥ ይችላል።

ሁሉም ማምለጫ ግን የማታለል አይደለም። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ዱኤም ከፖፐር አስቀድሞ፣ በ1906፣ መላ ምት ብቻውን እንደማይፈተን አሳይቶ ነበር፤ ከጎኑ መሣሪያው ደህና ነው፣ ናሙናው አልተበላሸም የሚሉ ብዙ ግምቶች አብረው ይቆማሉ። ችግኙ ያልታመመው ስፖሩ ሞቶ ወይም እርጥበቱ አንሶ ቢሆንስ? ጥንቁቅ ተመራማሪ በሽታውን እንደማይቋቋም አስቀድሞ የታወቀ ችግኝ አጠገቡ አድርጎ ለሁለቱም እኩል የሚያስይዘው ለዚህ ነው። ያ ደካማ ችግኝ ካልታመመ የተበላሸው ሙከራው ነው ማለት ነው፤ ስለ አዲሱ ዝርያ ምንም መናገር አይቻልም። በእኔ አስተያየት ይህች አንዲት ደካማ ችግኝ ስለ ዱኤም ከተጻፉ ብዙ ገጾች የበለጠ ታስተምራለች።

በጤናም ሆነ በግብርና የምትገቡ ሁሉ፣ ዩኒቨርሲቲያችን በሚታወቅበት ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት አማካይነት ወደየቀበሌው ወጥታችሁ መጠይቅ ትሞላላችሁ። የዚያን ጊዜ ሪፖርታችሁ ውስጥ «ስለዚህ» የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል።

ከወዲሁ እንድትለማመዱት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስትመጡ፣ በዚህ ሳምንት በዶርም፣ በካፌ ወይም በባጃጅ ውስጥ የሰማችሁትን፣ «ስለዚህ» ያለበትን አንድ ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የሕጸጽ ስም አትጻፉበት። የእኔንም የወባውን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ አስፍሬ እጠብቃችኋለሁ።

አመሰግናለሁ።