ቢጫዋ ወተት ቀጂ ግድግዳዬ ላይ

ሄለን፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ሄለን ነኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ።

ብሩክ፦ እኔ ደግሞ ብሩክ፣ ከአዲስ አበባ። መብራት እስኪጠፋ ድረስ አብሬያችሁ ነኝ።

ሄለን፦ ዛሬ የምናማው የብሩክን ቤት ነው። እውነተኛውን አይደለም፣ ሰከንድ ላይፍ ውስጥ የሠራውን።

ብሩክ፦ ለማያውቁት ልንገራቸው። ሰከንድ ላይፍ ሊንደን ላብ የሚባል የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ በ2003 የከፈተው ምናባዊ ዓለም ነው። ዓመቶቹን ዛሬ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምንጠራው፣ እንዳትደናገሩ። ጌም ይመስላል እንጂ ማሸነፍ መሸነፍ የለበትም። አቫታርህን፣ ማለትም እዚያ አንተን የሚወክለውን ምስል፣ ታለብሳለህ፣ ትዞራለህ፣ ሲያሰኝህ ትበራለህ። እዚያ የምታየውን ወንበርም ሆነ ዛፍ በአብዛኛው የሠራው ኩባንያው ሳይሆን ተጠቃሚው ነው።

ሄለን፦ 2003? ይሄ እኮ ከፌስቡክም ይቀድማል።

ብሩክ፦ ይቀድማል። ብዙ ሰው ሞቷል ብሎ ረስቶታል፣ እሱ ግን አለ። እኔም አንዲት ክፍል ሠራሁበት። አራት ነጭ ግድግዳ። ባዶ ግድግዳ ደግሞ ያስጨንቀኛል፣ ስለዚህ ሥዕል ገዛሁ።

ሄለን፦ እዚህ ላይ ቁም። በስንት?

ብሩክ፦ በ300 ሊንደን ዶላር፣ የዚያው ዓለም ገንዘብ ነው። በእውነተኛው ዶላር ከአንድ ብዙም አይበልጥ።

ሄለን፦ ምኑን?

ብሩክ፦ የሆላንዳዊውን ሠዓሊ የቨርሜርን «ወተት ቀጂ»። ያቺ ሰማያዊ ሽርጥ ያደረገችው፣ ከማሰሮ ወተት የምታንቆረቁረው።

ሄለን፦ ቨርሜር የሞተው በ1675 ነው። ምስሉ የሁሉም ሰው ሀብት ከሆነ ስንት ዘመኑ። አንተ ግን ከፈልክበት። ይባስ ብሎ ዕቃው ላይ «ኮፒ አይደረግም» የሚል ገደብ ነበረበት።

ብሩክ፦ ሕጉ ሻጩን አይከለክለውም እኮ።

ሄለን፦ አይከለክለውም፣ ልክ ነህ። ፐብሊክ ዶሜይን ሲባል መሸጥም ይቻላል። የምንጭ ውሃ በጀሪካን ቀድቶ እንደሚሸጥ ሰው ነው፣ ድካሙን ሸጠ እንበል። እኔን ያናደደኝ ውሃው ድፍርስ መሆኑ ነው። ብሩክ፣ ወተቷ ቢጫ ነበር! እርድ በጥብጣ የምትቀዳ ነው የመሰለችኝ።

ብሩክ፦ እኔማ የድሮ ሥዕል ነው፣ ዕድሜ ነው ብዬ ተቀበልኩት።

ሄለን፦ አየህ፣ ሙዚየሙን ያስመረረውም ይሄው ነው። ሥዕሉ ያለው አምስተርዳም፣ ራይክስሙዚየም ውስጥ ነው። ሰዎቹ ኢንተርኔት ላይ የዚህን ሥዕል ቅጂ ቢፈልጉ፣ ከ10,000 በላይ ቢጫ የለበሰ፣ የተበላሸ ቅጂ አገኙ። ከዚያ የባሰም አለ። ጎብኚዎች የሙዚየሙ ሱቅ ገብተው ፖስትካርዱን ሲያዩ «ይሄ ትክክለኛው አይደለም» ይሉ ጀመር።

ብሩክ፦ ዋናው ሥዕል እዚያው ተሰቅሎ?

ሄለን፦ እዚያው ተሰቅሎ! ቢጫው ስለበዛ እውነተኛው ሐሰተኛ መሰለ። ታዲያ ሙዚየሙ ምን አደረገ መሰለህ? ጥሩውን ፎቶ፣ ከነትልቅነቱ፣ በነጻ ለቀቀው። በ2012 ራይክስስቱዲዮ የሚባለውን ገጽ ሲከፍት 125,000 ሥራዎች ነበሩበት። አንተ፣ የኔ ጌታ፣ በ300 ሊንደን የገዛኸው እነሱ ሊያጠፉት የደከሙበትን ነው።

ብሩክ፦ እሺ በቃ፣ ገብቶኛል! አሁን ከየት እንደማወርድ አውቃለሁ። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በ2017 ወደ 375,000 ምስል ለቀቀ። ስሚዝሶኒያን በ2020 2.8 ሚሊዮን። ምን ልስቀል ሳይሆን ምኑን ልተው ነው ችግሩ።

ሄለን፦ ስታወርድ ግን ከምስሉ ሥር ያለውን ምልክት እይ። «ሲሲ ዜሮ»፣ ማለትም ባለቤቱ መብቱን ትቶታል፣ ወይም «ፐብሊክ ዶሜይን» ካለ ጨርሰሃል። አንዳንድ ተቋም አሮጌ ሥዕል ፎቶ አንስቶ «ፎቶው የኔ ነው» ይላል። አሜሪካ ውስጥ አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት በ1999 ጠፍጣፋ ሥዕልን እንዳለ ገልብጦ ማንሳት አዲስ መብት አይፈጥርም ብሏል። ሐውልት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ከየት በኩል እንደሚነሳ፣ ብርሃኑን፣ ጥላውን የመረጠው ፎቶ አንሺው ነውና የእሱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ብሩክ፦ አሁን የኔ ተራ ነው፣ ስለ አሰቃቀሉ ላውራ። ምስል ማስገባት 10 ሊንደን ነው፣ የአሜሪካ አራት ሳንቲም ገደማ። በጣም ትልቅ ምስል ከሆነ ዋጋው ይጨምራል። መጀመሪያ ያስገባሁት የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሆኩሳይን ማዕበል ነበር።

ሄለን፦ አይቼዋለሁ። ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፉጂ ተራራ ደግሞ የሣር ጎጆ ሆኗል።

ብሩክ፦ ምክንያት አለው! ሲስተሙ የሚቀበለው 256፣ 512፣ 1024 ፒክስል እያለ የሚሄድ ልክ ነው፣ ፒክስል ምስሉ የተሠራበት ነጥብ ነው። የኔ ምስል ከዚያ ውጭ ስለሆነ ራሱ ሳበው፣ ጨፈለቀው። እኔ ደግሞ ቁመቱና ወርዱ እኩል በሆነ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩት። መፍትሔው ምስሉ ላይ አይደለም፣ ሰሌዳው ላይ ነው። የሆኩሳይ ሕትመት ቁመቱ 26፣ ወርዱ 38 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሰሌዳውን በዚያው ልክ ስታስረዝመው የተጨፈለቀው ምስል ተመልሶ ይዘረጋል። ጎጆው ተራራ ይሆናል።

ሄለን፦ ይሄን ለማወቅ ስንት ጊዜ 10 ሊንደን ከፈልክ?

ብሩክ፦ ሰባት። አትሳቂ። በኋላ ነው «ሎካል ቴክስቸር» የሚባለውን ያገኘሁት። ከኮምፒውተርሽ ላይ ያለውን ምስል ሳትከፍዪ ግድግዳው ላይ ታዪዋለሽ። ለአንቺ ብቻ ነው የሚታየው። ልኩን ካስተካከልሽ በኋላ ትከፍያለሽ።

ሄለን፦ ጨለማውንስ ንገራቸው።

ብሩክ፦ አዎ፣ እዚያም ፀሐይ ትጠልቃለች። ስትጠልቅ ሥዕሎቼ ሁሉ ከሰሉ። «ፉል ብራይት» የሚል ምርጫ አለ፣ እሱን ስትነኪ ምስሉ ሌሊትም ፍንትው ይላል።

ሄለን፦ እሱን አልወደውም። ሥዕል ሳይሆን ቴሌቪዥን ያስመስለዋል። መብራት ስቀልበት።

ብሩክ፦ መብራት የመስቀሉን ነገር እውነተኛው ቤቴ ውስጥም አልቻልኩ።

ሄለን፦ ሌላው ጣጣ ደግሞ ክብደቱ ነው። የከፈትክልኝ ቀን ክፍልህ ውስጥ ምስሎቹ እስኪጫኑ ለሁለት ደቂቃ ያየሁት ግራጫ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ብሩክ፦ 40 ሥዕል፣ ሁሉም በ1024። ጥፋቴ ነው። በሞባይል ዳታ የሚገባ ጓደኛዬማ ጥቅሉ አለቀበት። አሁን ትንንሾቹን በ512 አደረግኳቸው፣ ማንም ልዩነቱን አላየም።

ሄለን፦ የሚገርመኝ ንጽጽሩ ነው። ራይክስሙዚየም በ2022 የሬምብራንትን «የሌሊት ጥበቃ» 717 ቢሊዮን ፒክስል ባለው ምስል አወጣው። አንተ ግድግዳህ ላይ የሰቀልከው 1024 በ1024፣ አንድ ሚሊዮን ገደማ።

ብሩክ፦ ግን ትልቅነቱ ይታወቃል። እውነተኛው ቁመቱ ወደ 3.8 ሜትር፣ ወርዱ 4.5 ሜትር ነው። በዚያው ልክ ሰቀልኩት። አቫታሬ ሥሩ ሲቆም አንገቱን ቀና ያደርጋል። ስልክ ላይ ስታዪው ይሄን አታገኚም።

ሄለን፦ እሱ እውነት ነው። ወተት ቀጂዋ ግን 45.5 በ41 ሴንቲሜትር ናት። በልኳ ስትሰቅላት ምን ሆነች?

ብሩክ፦ ቴምብር! አቫታሬ 2 ሜትር ከ20 ነው፣ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው እዚያ። ካሜራው ደግሞ ከኋላና ከላይ ሆኖ ነው የሚያየው። በልኳ ስትሆን አትታይም። ስለዚህ በእጥፍ አሳደግኳት።

ሄለን፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ትንሽ ሥዕል ትንሽ መሆኑ አንድ ነገር ይነግርሃል። ቀርበህ እንድታየው ነው። የድሬስደን ሙዚየም በ2007 እዚያው ሰከንድ ላይፍ ውስጥ 750 ሥዕሎቹን በእውነተኛ ልካቸው ሰቅሎ ነበር።

ብሩክ፦ ቫሳር ኮሌጅ ደግሞ በዚያው ዓመት ሲስቲን ቻፕልን ሠርቶ ሰዉ እየበረረ ጣሪያው ድረስ ወጥቶ የማይክል አንጄሎን ሥራ በአፍንጫው አጠገብ እንዲያይ አደረገ። ሮም ሄደሽ ይሄ አይሆንም። ስለዚህ ምናባዊ ዓለም እውነተኛውን ብቻ መምሰል የለበትም።

ሄለን፦ እሺ፣ አሳድጋት። ግን ስትነካ ልኳንም የሚናገር ወረቀት ስጥ። የሠዓሊው ስም፣ ዓመቱ፣ ያለችበት ሙዚየም። ሲሲ ዜሮ ይሄን አያስገድድህም፣ እኔ ግን አስገድድሃለሁ። ስም የሌለው ሥዕል ነው በኋላ ቢጫ የሚሆነው።

ብሩክ፦ ተቀብያለሁ። አሁን ወደ አራተኛው ግድግዳ እንሂድ። የኛን ልሰቅል አሰብኩ። መጀመሪያ የመጣልኝ አፈወርቅ ተክሌ ነው። የአፍሪካ አዳራሽ መስታወቶች፣ 150 ካሬ ሜትር። አስቢው እስቲ፣ ብርሃን ከኋላቸው ሲመጣ።

ሄለን፦ አይሆንም። አፈወርቅ ያረፉት በ2012 ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ይሄኛው ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው፣ መብቱ ከሞት በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። አውሮፓ 70 ነው። ወራሾቹን ሳትጠይቅ እንዳትነካው።

ብሩክ፦ ገብረ ክርስቶስ ደስታስ?

ሄለን፦ በ1981 ነው ያረፈው። ገና ነው፣ ግን ከአፈወርቅ ይቀርባል። ወንድሜ፣ ለምን የቅርቡን ትሻማለህ? 600 ዓመት የሞላው አለልህ። ሜትሮፖሊታን ውስጥ ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ የተጻፈ የብራና ወንጌል አለ። ሥዕሎቹ በነጻ ይወርዳሉ። እኔ ደግሞ ጎረቤቴ ባልቲሞር ነው። ዎልተርስ ሙዚየም መግቢያ አያስከፍልም። የጉንዳ ጉንዶ ወንጌል የሚባለው እዚያ ነው፣ 1540 ገደማ የተሠራ። ገጾቹን እነሱም በሲሲ ዜሮ ለቀውታል።

ብሩክ፦ ትግራይ ያለው የጉንዳ ጉንዶ ገዳም?

ሄለን፦ እሱ። ፊቱ ቆሜ ያየሁ ቀን ደስም አለኝ፣ ከፋኝም። ምስሉ ነጻ ወጥቶ አገር ላገር ይዞራል። ብራናው ግን ሜሪላንድ ነው።

ብሩክ፦ አወረድኩት ባክሽ። ሰቀልኩትም። ከዚያ አንድ ቀን ስገባ አንድ እንግዳ አቫታር፣ በመዋኛ ልብስ፣ ወንጌላዊው ፊት ቆሞ ይጨፍራል።

ሄለን፦ ወይኔ!

ብሩክ፦ አያቴ ብታይ ብዬ አሰብኩ። ሕጉ ምንም አይልም። ሥዕሉ የማንም ነው፣ ሰውየውም መብቱ ነው። እኔ ግን አውርጄ ኢንቬንተሪ፣ የዕቃ ማስቀመጫዬ፣ ውስጥ ከተትኩት። እስካሁን እዚያው ነው።

ሄለን፦ እኔ ግን መልሰህ ስቀለው እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ ላይ ምን አለ?

ብሩክ፦ መጋረጃ።

ሄለን፦ መጋረጃ። በብራናውም ላይ አንዳንዴ በሥዕሉ ላይ ጨርቅ ተሰፍቶ ታገኛለህ፣ ገልጠህ ነው የምታየው። አንተ ዕቃውን የሚያንቀሳቅስ ስክሪፕት ትጽፋለህ አይደል? ሥዕሉ ፊት መጋረጃ አድርግ። የፈለገ ሰው ነክቶ ይግለጠው። የሚጨፍረው መጋረጃ ፊት ይጨፍር።

ብሩክ፦ ኧረ ቀላል ነው። ሲነካ ይከፈታል፣ ከ20 ሰከንድ በኋላ ራሱ ይዘጋል። የመጋረጃው ቴክስቸር፣ የሚለጠፍበት ምስል፣ ብቻ 10 ሊንደን ያስወጣኛል።

ሄለን፦ 20 ሰከንድ አይበቃኝም። ከሥዕሉ ጎን ያለውን ግዕዝ ፊደል እየቆጠርኩ ነው የማነበው።

ብሩክ፦ ሁለት ደቂቃ?

ሄለን፦ ሦስት አድርገው።

ብሩክ፦ ቆይ፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው። ሳይሄድ ልቀይረው።