ክሊኒኩን ሁሉም ይወደዋል

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወራው። ጎረቤት ፎቅ እየተሠራ ነው፤ መሀል ላይ የፌሮ መቁረጫ ድምፅ ከገባ ታገሱኝ።

ዛሬ ስለ ሚሲዮን ነው። ድሃ ሰፈር ገብቶ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ስለሚሠራው ሚሲዮን። በአንድ ደብዳቤ ልጀምር። ዓመተ ምሕረት ስጠራ በእኛው አቆጣጠር ነው።

በ1964 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ጄኔቫ አንድ ደብዳቤ ሄደ። ላኪዋ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ናት። ተቀባዩ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን፣ የዓለም ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ነው። ይዘቱን በእኔ አፍ ስጨምቀው እንዲህ ነው፦ ክሊኒክ ስንጠይቅ ትሰጡናላችሁ። ትምህርት ቤት ስንጠይቅ ትሰጡናላችሁ። ወንጌላዊ ለማሠልጠንና አጥቢያ ለመሥራት ስንጠይቅ ግን እጃችሁ ያጥራል። ሰውን ለሁለት የከፈላችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኛ አይደለንም።

ዘመኑን ልብ በሉልኝ። ወሎ ላይ ያ ትልቁ ረሃብ ሊገባ ጫፍ ላይ ነበር። ከድሃ አገር የሚጠበቀው ‹‹ተጨማሪ ላኩልን›› ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ‹‹አሰጣጣችሁ ልክ አይደለም›› አሉ። ድፍረቱ ይገርመኛል። ጄኔቫም ዝም ብሎ አላለፈውም፤ ከሁለት ዓመት ግድም በኋላ በዚሁ ጉዳይ ናይሮቢ ላይ ጉባኤ ተጠርቷል።

እንዴት እዚያ ደረሱ? አንዱ ምክንያት ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው። በዚያ ዘመን የምዕራብ ጀርመን መንግሥት የልማት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናት በኩል ያወጣ ነበር። የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ ለስብከት መዋል አይችልም። ለጉድጓድ፣ ለሆስፒታል፣ ለእርሻ ይሆናል። ለቄስ ደሞዝ አይሆንም። ከሕጋቸው አንጻር ትክክል ናቸው። ግን አስቡት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ በሺዎች እየጨመረች፣ የሚያስተምር ሰው ጠፍቶ፣ ገንዘቡ ግን በሌላ በር ብቻ ይገባል።

የደብዳቤው ዋና አሳቢ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። እኔን የሚይዘኝ ግን ቄስ ከመሆናቸው በፊት የነበሩት ነው። ነቀምቴ ላይ በሚሲዮን ሆስፒታል ድሬሰር ሆነው ሠርተዋል። ቁስል ያጠቡ፣ ፋሻ ያሰሩ ሰው ናቸው። ስለዚህ ‹‹ሕክምና ምን ያደርጋል፣ ስብከት ይበቃል›› የሚሉ ሰው አልነበሩም። የተወለዱት ወለጋ፣ ቦጂ ነው። ቦጂ ደግሞ በ1890ዎቹ መግቢያ ላይ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ የሚባሉ ኤርትራዊ ቄስ ወንጌልን በኦሮምኛ እያነበቡ ያስተማሩበት ቦታ ነው። እኒህ ቄስ ፈረንጅ አልነበሩም፤ ምጽዋ አካባቢ የነበረው የስዊድን ሚሲዮን ፍሬ ናቸው። የሚያነቡት የኦሮምኛ መጽሐፍም በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው በኋላ ነፃ የወጡት የኦነሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ ልፋት ነበር። ‹‹ሚሲዮን›› ሲባል ባርኔጣ ያደረገ ፈረንጅ ነው አእምሯችን የሚያመጣው፣ አይደል? ቦጂ ላይ መጀመሪያ የደረሱት እኮ የእኛው ሰዎች ናቸው።

እሺ፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ሚሲዮንን ለሁለት መክፈል በጀርመኖች አልተጀመረም። እዚህ አገር ያገኘው ሁሉ የሚፈልገውን ቆርጦ ነው የወሰደው። አፄ ቴዎድሮስን እዩ። ከስዊዘርላንድ፣ ከቅድስት ክሪሾና የመጡ የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን ነበሩ። በእጃቸው ሙያ፣ በአፋቸው ወንጌል እንዲያስተምሩ ነው የተላኩት። ንጉሡ እጃቸውን ወደዱት። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ አስቀመጧቸውና መድፍ አሠሯቸው። ሴባስቶፖል የእነሱ ሥራ ነው። እነዚያ ሰዎች ማታ ማታ ምን ብለው ይጸልዩ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ዘመን ካቶሊኩ ጳጳስ ማሳያ፣ አባ ማስያስ የምንላቸው፣ በኦሮሞ አገሮች እየዞሩ የፈንጣጣ ክትባት ይሰጡ ነበር። ሕዝቡ ስም ያወጣላቸው ከስብከታቸው አይደለም። ‹‹አባ ፈንጣጣ›› ነው ያላቸው።

ከዚያ 1936 ዓ.ም. ይመጣል። ጃንሆይ ከስደት ተመልሰዋል፣ ሚሲዮኖችም እየተመለሱ ነው። መንግሥት አዋጅ አወጣ። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ‹‹የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል›› እና ‹‹ክፍት ክልል››። በመጀመሪያው ክልል ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መክፈት ይችላል፣ የራሱን እምነት መስበክ ግን አይፈቀድለትም። በሁለተኛው ይሰብካል። ማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ ይሁን ተባለ። በፖለቲካ ዓይን ካያችሁት ብልህ አዋጅ ነው። አገር መምህርና ሐኪም ያገኛል፣ ቤተ ክህነትም አይቆጣም። ግን ነገሩ ያው ነው። ክሊኒኩን አምጡ፣ የቀረውን ተዉት።

ደርግም ከዚህ አልራቀም። ወለጋ ውስጥ፣ ወላይታ ውስጥ ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና መሥሪያ ቤት ሕንፃ ሳይቀር ተወሰደ። በ1977ቱ ረሃብ ግን የአብያተ ክርስቲያናት ድርጅቶች እህል ሲያከፋፍሉ ‹‹አይሆንም›› የሚል አልነበረም። ቄስ ጉዲና ይህን አላዩም። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ኡራኤል ሰፈር ካለው የመካነ ኢየሱስ አጥቢያ ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ታፈኑ። እሳቸው በዚያው ተገደሉ። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ወይዘሮ ፀሐይ ደግሞ አሥር ዓመት ገደማ በእስር ቆዩ።

አሁን ‹‹አንተ ጴንጤ ስለሆንክ ነው›› የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ጴንጤ ነው፣ እናቴ ኦርቶዶክስ። ቤታችን ውስጥ የሁለቱም ክስ እየተሰማ ነው ያደግኩት። በእናቴ ወገን ያለው ክስ የታወቀ ነው፦ በስንዴና በዘይት ሃይማኖት ያስለውጣሉ። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ዓይኗን ሲያማት ሚሲዮን ክሊኒክ ትሄድ ነበር። ‹‹ፀረ ማርያም ጋ ምን ትሠሪያለሽ?›› ሲሏት ‹‹መድኃኒቱን ይዤ፣ ስብከቱን እዚያው ትቼ እመጣለሁ›› ትላለች። እሷም ከፋፋይ ነበረች እንግዲህ።

ክሱን በንቀት አላልፈውም። በሽተኛ ካርድ ለማውጣት ተሰልፎ፣ ካርዱ ከመሰጠቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ስብከት የሚሰማበት ክሊኒክ ነበር። የታመመ ሰው ተነስቶ መሄድ አይችልም። ይሄ አይመቸኝም፣ አባቴ ፊትም ተናግሬዋለሁ። የሚሰበክለት ሰው ‹‹አልፈልግም›› ብሎ ያንኑ መርፌ መወጋት መቻል አለበት።

ግን ስንዴው ብቻ ከሆነ ወላይታን እንዴት እንተርከው? ሶዶ ላይ ሚሲዮናውያኑ በ1920ዎቹ ክሊኒክ ነበራቸው፣ ሆስፒታልም ሠርተው ነበር። ጣሊያን ሲገባ ተባረሩ። ያኔ የተጠመቁት ወላይታዎች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። ጣሊያን ወጥቶ ፈረንጆቹ ሲመለሱ ወደ አሥር ሺህ የሚገመት ሰው ጠበቃቸው። በእነዚያ ዓመታት ሐኪማቸው የለም፣ ገንዘባቸው የለም፣ መሪዎቹም ይታሰሩና ይገረፉ ነበር። ስንዴ የሚያድል ሰው ስለሌለ ክሱ እዚያ ላይ ይሰናከላል። በዚያ ጊዜ የተሠሩትን ጸሎት ቤቶች የሠራው ራሱ ሰፈርተኛው ነው። ከእንጨት፣ ከጭቃ፣ ከሣር።

ይሄ ሁሉ ለምን አስጨነቀኝ? ከሥራዬ ነው የመጣው። የፕሮጀክት ሒሳብ ነው የምሠራው። አብያተ ክርስቲያናት ከውጭ ለጋሾች ጋር የሚሠሯቸውን የጤናና የትምህርት ፕሮጀክቶች በጀት አወጣለሁ፣ ሪፖርት እጽፋለሁ። ዛሬም ብዙ ውሎች ውስጥ ያ አንቀጽ አለ፦ ገንዘቡ ለአምልኮ ቦታና ለስብከት አይውልም።

ወረቀት ላይ ግልጽ ነው። ቦታው ላይ ግን ሌላ ነው። ደቡብ ውስጥ የምናግዘው አንድ ግቢ አለ። ክሊኒኩና ጸሎት ቤቱ በአንድ አጥር ውስጥ ናቸው። አንድ ቧንቧ፣ አንድ ጀነሬተር፣ አንድ ዘበኛ። ኦዲተሩ መጥቶ ‹‹የዘበኛው ደሞዝ ስንት እጁ ለሃይማኖት ተቋሙ ነው?›› ይለኛል። ምን ልበለው? ጋሼ ሌሊት ሲዞሩ አንዱን በር አይተው ሌላውን ይዝለሉ? የክትባት ቀን ዝናብ ከሆነ ደግሞ የክሊኒኩ በረንዳ ስለማይበቃ እናቶች ሕፃናት አቅፈው ጸሎት ቤቱ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሻሽ ያደረጉም፣ ማተብ ያሰሩም። የሚጠይቃቸው የለም።

ሌላው የሚያናድደኝ ‹‹የማኅበረሰብ ድርሻ›› የምንለው ነገር ነው። ሰዉ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አሸዋ አምጥቶ፣ እንጨት ቆርጦ ይሠራል። እኔ ያንን በቀን ሠራተኛ ዋጋ አባዝቼ ቁጥር አደርገዋለሁ። ሪፖርቱ ላይ ትንሽ መቶኛ ይሆናል። ሲመረቅ ግን ድንጋዩን የተሸከሙት ሴቶች ስም ሰሌዳው ላይ የለም። የለጋሹ ዓርማ አለ።

ከዚያ ‹‹ፌዝ አውት›› የምንለው፣ ለጋሹ ፕሮጀክቱን ጨርሶ የሚወጣበት ጊዜ ይመጣል። በሥራችን ብዙ ፕሮጀክት ሦስት ዓመት፣ ቢበዛ አምስት ዓመት ነው። ለጋሹ በክብር ይሰናበታል። ሕንፃው አለ፣ አልጋው አለ፣ ማይክሮስኮፑ አለ። የነርሷን ደሞዝ ማን ይክፈል? መንግሥት የሚረከበው አለ፣ የማይረከበውም አለ። የመድኃኒት መደርደሪያው ባዶ ሆኖ በሩ የተቆለፈ ክሊኒክ አይቻለሁ፤ ሕንፃው ገና ቀለሙ አልለቀቀም።

ያ ደቡብ ያለው ግቢ ግን አልተዘጋም። ፕሮጀክቱ ካለቀ ቆይቷል። ለምን እንዳልተዘጋ ሒሳባቸውን ሳይ ነው የገባኝ። ምእመናኑ ከአሥራታቸው ይከፍላሉ። ከሰብል በኋላ በቆሎ የሚያመጣ አለ፣ ቡና የሚያመጣ አለ፤ ኮሚቴው ይሸጠዋል፣ የነርሷ ደሞዝ ይወጣል። አንዳንድ ወር ይዘገያል። ነርሷ ታማርራለች፣ እውነቷን ነው። ግን በሩ ክፍት ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ‹‹ይሄን አንነካም›› ያልነው ክፍል ነው ሌላውን ተሸክሞ የቆመው። ያን የ1964ቱን ደብዳቤ ፈልጌ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ለዚያው ግቢ አዲስ ፕሮፖዛል እየጻፍኩ ነው። የጸሎት ቤቱ ቆርቆሮ ዝጓል፣ ያፈሳል። መቀየሪያውን በጀት ውስጥ አስገብቼዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ አየና ‹‹አይ አንተ፣ ‘የክትባት አዳራሽ ጥገና’ ብለህ ጻፈው፣ ያልፋል›› አለኝ። ምክሩ ከልቡ ነው፣ ደግሞም ያልፍ ነበር። እኔ ግን ‹‹የጸሎት ቤት ጣሪያ›› ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ሥሩ ላይ የክትባት ቀኑንም የነርሷን ደሞዝም አብራርቼ። መልስ ሲመጣ እነግራችኋለሁ። ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማራችሁ፣ ሚሲዮን ሆስፒታል የተወለዳችሁ ካላችሁ ድምፅ ቅዱና ላኩልኝ፣ የተጣላችሁበትም ቢሆን። ሰላም ሁኑ።