ከ5 ኪሎ ቡና የጎደለው

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ አድማጮቼ። ይህን ክፍል የምቀዳው እዚሁ ደሴ፣ መስኮቷ ወደ ጦሳ ተራራ ከሚያይ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ጦሳ ዛሬ ጉም ለብሶ አይታይም፤ ዝናቡም ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለሆነ ድምፄን ከሸፈነው ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የዛሬው ጉዳዬ ግድያ ነው፤ ነገር ግን ደሙ የማይታይበት፣ የቁሌት ሽታ ያለበት ግድያ ነው። እንደምታውቁት ሥራዬ መድኃኒት ቤት ነው። የሌሊት ተረኛ በምሆንባቸው ቀናት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደንበኛ ሲጠፋ፣ በስልኬ መጽሐፍ አነባለሁ። ላለፉት ሁለት ዓመታት ከሌላው ሁሉ አብልጬ ያነበብኩት በእንግሊዝኛው የመጻሕፍት ገበያ «ኮዚ ሚስትሪ» የሚባለውን ዘርፍ ነው። በዚህ ዘርፍ ሬሳ ይገኛል እንጂ ሰውየው ሲገደል አናይም፤ ቦታው ሁሉም ሁሉን የሚያውቅበት ትንሽ ከተማ ወይም መንደር ነው፤ ገዳዩ ከሩቅ የመጣ ሽፍታ ሳይሆን ትናንት አብሮ ማዕድ የቀረበ ሰው ነው። ምስጢሩን የምትፈታው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምርመራ ሥራዋ ያልሆነ ተራ ሴት ናት። ከዚህም ውስጥ እኔን የያዘኝ ሴትየዋ በምግብ ሥራ የምትተዳደርበት ወገን ነው። ዳያን ሞት ዴቪድሰን እ.ኤ.አ. በ1990 የጀመረችው ተከታታይ መርማሪ ኮሎራዶ ውስጥ ለሰው ድግስ እያዘጋጀች ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት። የጆአን ፍሉክ መርማሪ፣ በ2000 የመጣችው ሐና ስዌንሰን፣ ሚኒሶታ ውስጥ ብስኩት ጋግራ ትሸጣለች። ባልና ሚስት ሆነው ክሊዮ ኮይል በሚል የብዕር ስም የሚጽፉት ደራሲዎች ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ኒው ዮርክ ውስጥ ካፌ የምታስተዳድር ሴት አምጥተዋል። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የምግቡ አሠራር ከነመጠኑ ስለሚታተም፣ አንባቢዋ ገዳዩን ካወቀች በኋላ ብስኩቱን ልትጋግር ትችላለች።

ብዙ ሰው ምግቡን እንደ ጌጥ ያየዋል፤ ያልከበደ ታሪክ ለማጣፈጥ የተነሰነሰ ቅመም ይመስለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። መርማሪ ለመሆን ሥልጣን የሌላት፣ መታወቂያ አውጥታ «ቤትህ ይፈተሽ» ማለት የማትችል ሴት፣ ከፖሊሱ ቀድማ እውነቱ ጋ የምትደርሰው ፖሊሱ የማያውቀውን ስለምታውቅ ነው። የትኛው ነገር ለመብሰል ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ከምን ያህል ምን ያህል እንደሚወጣ፣ ምን ቀድሞ ምን ተከትሎ እንደሚገባ ታውቃለች። «ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ገብቼ ወጥ ሠራሁ» የሚል ተጠርጣሪ ፖሊሱን ሊያታልል ይችላል፤ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ለስንት ሰዓት ሲማሰል እንደሚቆይ የምታውቅን ሴት ግን በሰባት ሰዓት በቀረበ ዶሮ ወጥ አያታልላትም።

ነገሩን ከሙያዬ በኩል ላሳያችሁ። የዚህ ዘርፍ እናት ልትባል የምትችለው አጋታ ክርስቲ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በትውልድ ከተማዋ በቶርኪ፣ ሆስፒታል ውስጥ መጀመሪያ አስታማሚ፣ ኋላም መድኃኒት ቀማሚ ሆና ሠርታለች፤ በ1917 የቀማሚነት ፈተናዋን አልፋለች። በ1920 የወጣውን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ምስጢር አሁን ላወጣው ነው፤ መጽሐፉ 100 ዓመት ስላለፈው አትቀየሙኝ። ሟቿ በየዕለቱ የምትጠጣው ማጠንከሪያ መድኃኒት ውስጥ ስትሪክኒን የሚባል መርዝ ጥቂት አለ፤ የአንዱ ቀን መጠን አይገድላትም። ገዳዩ ጠርሙሱ ውስጥ ብሮማይድ የሚባል ሌላ መድኃኒት ይጨምርበታል፤ ያን ጊዜ ስትሪክኒኑ ከፈሳሹ ይለይና እንደ አተላ ከሥር ይዘቅጣል፤ ሴትየዋም የመጨረሻውን ጉንጭ ስትጠጣ የብዙ ቀኑን መርዝ በአንድ ጊዜ ትጨልጠዋለች። የእንግሊዝ መድኃኒት ቀማሚዎች መጽሔት ሳይቀር መጽሐፉን አመስግኖታል። እኔ ለደንበኛ ሽሮፕ በሰጠሁ ቁጥር «ከመጠጣትዎ በፊት ይነቅንቁት» እላለሁ፤ ይህን መጽሐፍ ካነበብኩ ወዲህ ግን ቃሉን ስናገር ትንሽ ይቀፈኛል። ጠላ ጠምቃ ለምታውቅ ሴት እንዲህ ያለው ነገር ኬሚስትሪ አይደለም። ከጋኑ አፍ የተቀዳውና ከሥሩ የተቀዳው አንድ እንዳልሆነ፣ ጉሹ የደረሰው ለማን እንደሆነ፣ ያ ሰው ማታ እንዴት ሆኖ ወደ ቤቱ እንደገባ ታውቃለች። ያን ታሪክ የፈታው ወንድ መርማሪ ነበር። ክርስቲ ሚስ ማርፕልን፣ ሹራብ እየሠራች የመንደሩን ሰው ሁሉ የምታስተውለውን ባልቴት፣ በአጭር ልብ ወለድ ያመጣቻት በ1927 ነው፤ በ1930 ደግሞ ሙሉ መጽሐፍ ሰጠቻት።

ከሁሉም ያሳቀኝ የኤም. ሲ. ቢተን በ1992 የወጣው ታሪክ ነው። አጋታ ሬዚን የምትባል፣ ከለንደን ወደ ገጠር መንደር ጡረታ የወጣች ሴት፣ ጎረቤቶቿ እንዲወዷት ስትል የመንደሩ የኪሽ ውድድር ውስጥ ትገባለች። ኪሽ እንቁላል የሚገባበት ክብ ጋገራ ነው። ሴትየዋ ግን ምግብ መሥራት አትችልም፤ ከለንደን የተገዛ ኪሽ «የእኔ እጅ ሥራ ነው» ብላ ታቀርባለች። ዳኛው ቤቱ ወስዶ ይበላና ይሞታል። እንግዲህ ከግድያ ጥርጣሬ ለመውጣት «እኔ አልሠራሁትም» ብላ መናዘዝ ሊኖርባት ነው! ከሱቅ የተገዛ በርበሬ ይዛ «ደልዤ፣ አስጥቼ ያስፈጨሁት ነው» ብላ ለድግስ ያመጣች ሴት ብትኖር፣ እኛ ሰፈር ከሁለቱ ክሶች የትኛው እንደሚከብዳት ለእናንተ እተወዋለሁ።

እነዚህን መጻሕፍት ሳነብ ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር የወሎ ወጥ ቤት በማንም መርማሪ እጅ አለመግባቱ ነው። ዶሮ 12 ብልት አላት፤ ፈረሰኛው ለማን እንደሚወጣ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ከድስቱ አንድ ብልት ከጎደለ ወጥ አውጪዋ ሳትቆጥር ታውቃለች። በእኛ ድግስ የክርስቲያኑና የእስላሙ ሥጋ ለየብቻ ታርዶ በየራሱ ድስት ይሠራል፤ ስለዚህ መርዙ በየትኛው ድስት እንደገባ ካወቅን የማን ሞት እንደተፈለገ ግማሹን አወቅን፤ ገዳዩ እንግዳ ከሆነ ደግሞ ድስት ሊያሳስት ይችላል። ረቡዕና ዓርብ በክርስቲያን ቤት ጓዳ ውስጥ ቅቤ የነካው ሳህን ከተገኘ፣ ማን እንደበላበት መጠየቅ የግድ ነው። ጠጅ የሚያሳልፈው ሰው ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ የሚቀምሰው ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከተማችን ውስጥ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ ደግሞ ስሙ ራሱ ማንም ሳይለይ አብሮ የሚበላበት መሆኑን ይናገራል፤ እንዲህ ባለ ግብር ላይ ያልቀመሰ አሳላፊ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል። ቡናውም እንዲሁ ነው። አቦሉን ጠጥታ፣ ቶናውን ጠጥታ፣ በረካው ሳይደርስ ነጠላዋን አጣፍታ የተነሳች ሴት፣ ሌላ ማስረጃ ባይገኝባት እንኳ፣ ምክንያቷን ሳትናገር አትወጣም።

ስለ ዘርፉ ያለኝን ቅሬታም ልናገር፤ አለዚያ ማስታወቂያ ይሆንብኛል። በአንድ ትንሽ ከተማ በየዓመቱ ይህን ያህል ሰው ሲገደል ኗሪው ጓዙን ጠቅልሎ አለመሄዱ ይገርመኛል። የምግብ አሠራሩን ነፍስ በተንጠለጠለችበት ገጽ መካከል የሚያስገቡ ደራሲዎችም አሉ፤ እነሱን ዘልያቸው አልፋለሁ። ዋናው ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው፤ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ለሟቹ በቂ ልቅሶ የለም። ሬሳው ይነሳል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ በማግስቱ ሱቁ ተከፍቶ ብስኩት ይሸጣል። እኛ ዘንድ ግን ሰው ከሞተ እድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ሴቶቹ ጓሮ ድስት ይጥዳሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ ቢያንስ ሦስት ቀን እዚያ ነው። ደራሲዎቹ በዚህ የተጎዱት ራሳቸው ናቸው ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ሽንኩርት የሚከተፍበት የልቅሶ ቤት ጓሮ ወሬ ሁሉ የሚደርስበት ቦታ ነው። ማን ሳያለቅስ እንደቀረ፣ ማን ከልክ በላይ እንዳለቀሰ፣ ሟቹ ለማን ገንዘብ አበድሮ እንደነበር፣ አንዲት ዝም ብላ ሽንኩርት የምትልጥ ሴት በሦስት ቀን ውስጥ ትሰማዋለች። ዓይኗ ቢያነባም ማንም ለምን አይላትም።

እንዲህ ያለች ሴት በልጅነቴ አይቻለሁ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአያቴ ቤት አጠገብ አንድ ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱ ጥሬ ቡና በኪሎ ይገዛና ሠራተኛው ለሆነች ወጣት ልጅ እንድትቆላው ይሰጣታል። አንድ ቀን 5 ኪሎ መዝኖ ሰጣት፤ ቆልታ ስትመልስለት ዳግመኛ መዘነው፤ ከ4 ኪሎ ብዙም አላለፈም። «850 ግራም ሰርቃለች» ብሎ የወር ደመወዟን ከለከላትና አባረራት። ልጅቷ በር ላይ ቆማ እያለቀሰች የተናገረችው ነገር ደግሞ ክሱን አባሰባት፤ «በ7 ጣሳ ተቀብዬ 10 ጣሳ ሙሉ መለስኩለት» አለች። 5 ኪሎው 4 ሆኖ ሳለ 7ቱ 10 ሆነ ማለቷ፣ ሌብነት ሳያንሳት ውሸት ጨመረች አሰኛት።

አያቴ ይህን የሰማችው ከሳምንት በኋላ፣ ቡና እየጠጣች ነው። ስኒዋን አስቀመጠችና ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ እኔን አስከትላ ሻይ ቤቱ ሄደች፤ ሰውየውን 1 ኪሎ ጥሬ ቡና በራሱ ሚዛን እንዲመዝንላት ጠየቀችው፤ እዚያው፣ ደንበኞቹ ፊት፣ በብረት ምጣድ እያመላለሰች ቆላችው። ቡናው ሲጠቁር አበጠ፤ ከመጣበት ጣሳ ሞልቶ ፈሰሰ። «አሁን መዝነው» አለችው። 830 ግራም ነበር።

ዛሬ በሙያዬ ላብራራው እችላለሁ፤ ጥሬ ቡና ውስጥ ከመቶ አሥር ገደማ የሚሆን ውኃ አለ፤ ሲቆላ ውኃው በእንፋሎት ይወጣል፣ ከፍሬው አካልም ከፊሉ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ ፍሬው ክብደቱ ሲቀንስ ግዝፈቱ ይጨምራል። አያቴ ሚዛን ተጠቅማ አታውቅም፤ ነገር ግን በሕይወቷ በየቀኑ ጥሬውንም የተቆላውንም በእጇ ስትዘግን ኖራለች። ሰውየው «እማማ፣ ሚዛን እኮ አይዋሽም» አላት። «ሚዛኑም አልዋሸ፣ ልጅቷም አልዋሸች» አለችው፤ «ቡናውን የጠየቀ ሰው ነው የጠፋው፣ ልጄ።»

ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ደመወዟን ቆጥሮ ለአያቴ ሰጣት። ልጅቷ ግን ቀድሞውኑ ደሴን ለቃ ነበር፤ ኮምቦልቻ ወርዳ ሥራ ልትፈልግ እንደሄደች ተነገረን። አያቴ በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍራ የዶሮ መዝለያን ቁልቁለት ወርዳ፣ በመናኸሪያው ዙሪያ ያሉትን ሻይ ቤቶች አንድ በአንድ ስትጠይቅ ዋለች። ሳታገኛት ተመለሰች። ብሩን በጨርቅ ቋጥራ ጥሬ ቡና በምታስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ ከተተችው፤ ከዚያ ወዲህ ቡና ልትቆላ ጣሳውን በከፈተች ቁጥር፣ ቋጠሮውን በጣቷ ወደ ጎን ገፋ ታደርግና ጥሬውን ትዘግን ነበር።